ድንኳን ካልተጣለ

ኦቦ ደገፋ በዕድሜያቸው ማንሾካሾክ የሚያውቁ ሰው አይደሉም። ሱሉልታ ዳገት ላይ ቆመው ማዶ ያለውን ከብት የሚመልስ ጉሮሮ ነው ያላቸው፤ እኔ ወተት ቤት ገብተው «አካም ቡልቴ» ብለው እንዴት አደርሽ ሲሉኝ ብርጭቆዎቼ ይንቀጠቀጣሉ። ያን የኅዳር ቅዳሜ ማለዳ ግን ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው፣ አብራኝ ለምትሠራው ለኤልሳቤት በኦሮምኛ ሲያንሾካሹኩላት ሰማኋቸው። እኔ ጓሮ ጄሪካን እያጠብኩ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሱሉልታ ወተት ሸጬ ኦሮምኛ የሚያመልጠኝ መስሏቸው ከሆነ ተሳስተዋል። «ቡራዩ፣ እህቷ ደጅ ድንኳን ተጥሏል» አሏት። «ድርቆሽ አራግፌ ስመለስ በዓይኔ አይቼ ነው የመጣሁት። ለእሷ እንዳትነግሪያት፣ አደራ።» ከዚያ ሻይ እንኳ ሳይሉ የቅዳሜ ወተታቸውን ጭነው የጭነት መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ። እኔ አንዱን ጄሪካን ሦስት ጊዜ አጠብኩት።

ድንቅቱ ታናሼ ናት። ከእናታችን ሆድ የወጣነው እኔና እሷ ብቻ ነን። ወላጆቻችን አልፈዋል፣ የእሷም ባል አልፏል፤ የቀረነው እኔ፣ እሷና ልጇ ወንዲ ነን። አራት ዓመት ሙሉ ግን ከእሷ ጋር ቃል አልተለዋወጥንም። ነገሩ የመጣው በወንዲ ነው። እኔ ልጅ አልወለድኩም፣ እግዜር አልሰጠኝም፤ ከወተት ያገኘኋትን ለወንዲ ትምህርት ነው ያፈሰስኳት። ሲቪል ኢንጂነሪንግ ተምሮ ሲመረቅ በግ ያረድኩት እኔ፣ ካባውን ለብሶ የተነሳውን ፎቶ በትልቁ አሳጥቤ ወተት ቤቴ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት እኔ። ታዲያ ባንዱ ፋሲካ ቡራዩ ብሄድ ልጁ መሥሪያ ቤቱን ለቋል። ፀጉሩ ሰጋቱራ ሞልቶበት፣ ኮንክሪት ተሞልቶ ሲያልቅ የሚጣለውን እንጨት እየለቀመ ወንበር ይሠራል። ዲግሪ ይዞ አናጢ! የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ አልደግመውም፣ የፋሲካ ቀን የሚነገር አልነበረም። ድንቅቱ በተፈጥሮዋ መልስ የማትሰጥ ሰው ናት፤ ዝም ብላ ሰምታ ሰምታ፣ መጨረሻ ላይ ቀና አለችና «ልጄን አንቺ አልወለድሽውም» አለችኝ።

ዶሮው ሳይነካ ተነሳሁ። ከውጪው በር ደርሼ ዞር አልኩና፣ «ከእንግዲህ እዚህ ደጅ ድንኳን ካልተጣለ እግሬ አይረግጥም!» አልኩ። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በማግስቱ ጸጽቶኝ ነበር፣ ግን የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባል የለ? እኔ የወለድኩት ስለሌለኝ የተናገርኩትን ያዝኩ። እሷ ሽማግሌ ትልካለች ብዬ ጠበቅኩ፤ እሷም ትልካለች ብላ ጠበቀች መሰለኝ። እንዲህ እንዲህ ሲባል አራት ፋሲካ አለፈ።

ለወንዲ ደወልኩ። ለበዓል የሚደውለው እሱ ነው፤ እኔ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብዬ እዘጋለሁ እንጂ ራሴ ደውዬለት አላውቅም። ከጀርባው የሰው ድምፅ ይንጫጫል፣ መዶሻ ይመታል። «እትዬ?» አለ። እናትህ ደህና ናት ወይ አልኩት። ከዚያ፣ «ዛሬውኑ ነይ። በስልክ አይሆንም። ዝም ብለሽ ነይ በቃ» ብሎ ዘጋው።

ሌላ አገር ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም፣ እኛ ዘንድ ግን መርዶ ነው። አባቴ የሞተ ቀን «ትንሽ አሞታልና ብቅ በይ» ነው የተባልኩት። እናቴ የሞተች ቀን «ምንም አትያዢ፣ ዝም ብለሽ ነይ»። ደግሞ የሰርግ ድንኳን እንዳልል፣ የሰርግ ቢሆን እኔ አክስቱ ሳልሰማ? በዚያ ላይ ኦቦ ደገፋ ስለ ሰርግ ለምን ያንሾካሹካሉ? ያ የምላስ ዕዳዬ መጥቶ ፊቴ ተገተረ። ድንኳን ካልተጣለ አላልሽም የወይንሐረግ፣ ይኸው ተጣለልሽ። እህቴ ላይ ያሟረትኩባት እኔ ነኝ አልኩ። ሰው እንዴት ከገዛ እህቱ ደጅ ቆሞ ድንኳን ይጠራል? ጥቁር ቀሚሴን ከሣጥን አወጣሁ፣ ነጠላዬን እንደ ሐዘንተኛ አዘቀዘቅኩ። ኤልሳቤት ምንም እንዳልሰማች ሆና ቤቱን እሷ እንደምትይዘው ነገረችኝ፤ ዓይኔን ግን አላየችኝም።

ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ፣ ከአዲሱ ገበያ አስኮ፣ ከአስኮ ቡራዩ፣ ሦስት ታክሲ ነው። መንገዱን እንዴት እንዳለፍኩት አላውቅም፤ የማውቀው ቀብሩ ስንት ሰዓት ይሆን እያልኩ ማስላቴን ነው። ስድስት ሰዓት ከሆነ እደርሳለሁ። ቀድመው ከቀበሯት ግን አፈሩን ነው የማገኘው። አጠገቤ የተቀመጠች የከምባታ ሴት እንባዬን አይታ ከቦርሳዋ ሶፍት አወጣችና ማን እንደሞተብኝ ጠየቀችኝ። እህቴ አልኳት። እንቀራረብ ነበር ወይ ስትለኝ «አዎ፣ በጣም» ብዬ ዋሸሁ። ጌታ ያጽናሽ ብላ እስክትወርድ እጄን ያዘችኝ። ውሸቴ ከሐዘኑ እኩል አንገበገበኝ።

ቡራዩ ስወርድ አገሩ ጠፋኝ። አራት ዓመት ብዙ ነው። የማውቀው መንገድ አቧራው ጉልበት የሚደርስ፣ በዝናብ ጊዜ ጭቃው ጫማ የሚያስቀር ነበር፤ አሁን ሰፍቶ ንጣፍ ለብሶ፣ ዳሩ ላይ አምፑል ተተክሎበታል። የእንጨት መሸጫው የነበረበት ቦታ መስተዋት በር ያለው ትንሽ ሱቅ ሆኗል፣ ውስጡ አንዲት ልጅ በእጇ የጠለፈችውን ከረጢት ትሰቅላለች። የጋራዡ ግድግዳ ላይ ሰው ያህል ትልቅ ፈረስ ተስሏል። የፀጉር ቤቱ ደግሞ መስተዋቶቹን በአሮጌ ሰማያዊ ታክሲ በሮች ውስጥ ገጥሟቸዋል፣ እጀታቸው ሳይቀር። ሌላ ቀን ቢሆን ቆሜ አይ ነበር። ያን ዕለት ግን ተናደድኩ። እህቴ ሞታ ሰፈሩ አሸብርቆ ይጠብቀኛል? መንገድ ዳር የተቀመጡትን ሴቶች የድንቅቱን ቤት ብጠይቃቸው፣ «ብሎኬት ግቢ? ያ ድንኳን የሚታየው» አሉኝ። ነጠላዬን አይተው ግራ ሲጋቡ እንኳ አላስተዋልኩም።

ብሎኬት ግቢ ያሉት የድንቅቱ ባል ብሎኬት ያመርትበት የነበረውን ነው። ሰፊ ግቢ ነው፣ ዳር ለዳር ስድስት ሰርቪስ ክፍል አለው። እሱ ካለፈ ወዲህ ማሽኑ ዝጎ፣ ክፍሎቹ ዝናብ እያስገቡ ነበር የማውቀው። በሩ ላይ ድንኳኑ ቆሟል። የእድሩ ድንኳን፣ ያ አረንጓዴ ሸራ፣ የእድሩ ስም በነጭ ቀለም የተጻፈበት። ባሏን የሸኘንበት እሱ ራሱ ነው፤ ጥጉ ላይ የተጣፈውን ቀዳዳ ሳይቀር አወቅኩት። ለቅሶ ሲደረስ ከሩቁ ነውና ከሃያ እርምጃ ጀምሬ ለቀቅኩት፤ ደረቴን እየደቃሁ፣ «ድንቄን! የእናቴን ልጅ! ምላሴ ይቆረጥ፣ ምላሴ በላሽ እህቴ!» እያልኩ ገባሁ።

በእድሩ አግዳሚ ወንበር ላይ የተደረደሩት ሐዘንተኞች አልነበሩም። ጎረምሶችና ኮረዶች ናቸው፤ አንዷ ስኒ በእጇ ይዛለች፣ አንዱ መጽሐፍ ገልጧል፣ አንዷ ስልኳን አውጥታ ትቀርጸኛለች። ከጥግ አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ለካስ የዝግጅቱ አካል መስዬው ኖሯል። እኔ ማልቀሴን አላቆምኩም፤ አንዴ የተለቀቀ ለቅሶ እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። ያኔ ነው ከውስጥ ያ የማውቀው ቀዝቃዛ ድምፅ የመጣው።

«እትዬ፣ በቀኝ በኩል ግቢ። ገመዱ እንዳይጥልሽ።»

ድንቅቱ ናት። ሽርጥ አስራ፣ ትሪ ይዛ ቆማለች። ትንሽ ከስታለች፣ ሽበቷ ወደ ፊት መጥቷል፣ ሌላው ሁሉ ድንቅቱ ነው። ሄጄ ክንዷን ጨበጥኩት፣ ጉንጯን ነካሁት፣ ትከሻዋን ወዘወዝኩት። ማን ነው የሞተው አልኳት። ማንም አለች። እፎይታ እንዲህ ያደክማል ብሎ የነገረኝ ሰው የለም፤ እዚያው የእድሩ አግዳሚ ላይ ተዘረፈጥኩ። እንባዬ አሁን ነው ከልቡ የመጣው። እሷ ትሪውን አስቀምጣ ውሃ ሰጠችኝ፣ ከጎኔ ትንሽ ቆመች፣ ከዚያ አንድ ቃል ሳትጨምር ወደ ጓዳ ገባች። እንዲህ ናት፤ ከሞት ተነስታም አታወራም።

ወንዲ ፂም አውጥቷል። ጉልበቴ ሥር ቁጢጥ ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። ባዛር ነው አለኝ፤ ብሎኬት ግቢ የተከፈተበትን አንደኛ ዓመት እያከበሩ ነው። ነጭ ድንኳን ሊከራዩ አስበው እናቱ የእድሩ ካልሆነ ብላ አሻፈረኝ አለች፤ ለምን እንደሆነ እሱም አልገባውም። ከማለዳ ጀምሮ ሰባት ሰው ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ አሳፍረው መልሰዋል፤ ሁለቱ ግን ከመጣን አይቀር ብለው ዕቃ ገዝተው ሄደዋል። በስልክ ለምን አልነገርከኝም ስለው እናቴ አስምላኝ ነው አለ፤ «ከደወለች፣ ዝም ብለሽ ነይ በላት» ነው ያለችው። አንድ ጥፊ አቅምሼው በዚያው እጄ አገጩን ይዤ ሳምኩት።

ከዚያ እጄን ይዞ አዞረኝ። ዝናብ ያስገቡ የነበሩት ክፍሎች ጣሪያቸው ተቀይሯል፣ ግድግዳቸው በኖራ ነጥቷል፣ በየበሩ በእጅ የተጻፈ ሰሌዳ አለ። በአንደኛው ሐኒ የምትባል ልጅ አሮጌ መጽሐፍ ትሸጣለች፤ መደርደሪያዋ የድሮው የብሎኬት ማውጫ ሳንቃ ነው። በሁለተኛው ሁለት ወንድማማቾች ከአሮጌ የጭነት መኪና ሸራ ቦርሳ ይሰፋሉ፤ አንዱ ቦርሳ ሺህ ሁለት መቶ ብር። የኦቦ ደገፋን መኪና ሸራ በሐሳቤ ቆራርጬ አሰላሁት፣ ሰውየው ሳያውቁ ባለጸጋ ናቸው። ሦስተኛው ባዶ ነው፤ ወለሉ ብቻ በቀለም ተዥጎርጉሯል፣ እሁድ እሁድ የሰፈር ሕፃናት ሥዕል ይማሩበታል። የወንዲ አውደ ሥራ መጨረሻ ላይ ነው፣ የአባቱ የዛገ ማሽን በቆመበት። ማሽኑን አላወጣውም፤ አጽድቶ ቀለም ቀብቶ እንደ ጠረጴዛ ይሠራበታል። ወንበሮቹን አየሁ። አንዱን ገልብጬ ሥሩን መረመርኩ፣ ሚስማር ፈለግኩ፣ የለም፤ እንጨት በእንጨት ነው የተጋጠመው። በኃይል ተቀመጥኩበት፣ አልተንገጫገጨም። ስንት ነው ስለው ስድስት ሺህ ተኩል አለኝ። ለአንድ በርጩማ! ኢንጂነር ሳለህ ቤት ታሠራ ነበር አልኩት፣ አንድ ሰው ለማስቀመጥ ስድስት ሺህ ተኩል የሚያስከፍል ቤት ግን አልሠራህም። ሳቀ። እኔም ሳላስበው ሳቅኩ፤ ከዚያ ደግሞ መሳቄ ራሱ አናደደኝ።

ስኒዎቹን የምትሠራው ኤዶም ናት፣ የሆሳዕና ልጅ፤ እጇ እስከ ክርኗ በጭቃ ተለውሷል። ሰበታ ፋብሪካ ሦስት ዓመት ቆማ ከሠራች በኋላ ወደ እናቷ ሙያ ተመለሰች። አንዱ ስኒ ሦስት መቶ ሃምሳ ነው ስትለኝ፣ ልጄ በዚህ ዋጋ ገበያ ወጥቼ ስድስት እገዛለሁ አልኳት። አልተቀየመችም። ስኒውን ገለበጠችልኝ፤ ሥሩ ላይ ስሟ ተቀርጿል። «እናቴ ሸክላ ይዛ ገበያ ስትወጣ ገንዘቡን መሬት ላይ ነበር የሚያስቀምጡላት፣ በእጇ አይሰጧትም» አለችኝ። «እኔ ስሜን እጽፍበታለሁ።» እኔም በልጅነቴ እናቴ ለሸክላ ሠሪዋ ሳንቲም ስትጥልላት አይቻለሁ፤ አይቼም ምንም አልመሰለኝም ነበር። ከጡቴ ሥር ብር አወጣሁና ሁለት ስኒ ገዛሁ። ብሩን በእጇ ነው የሰጠኋት።

ልጅቷ አንዱን ስኒ አጥባ ወተት ሞላችልኝና አፌ አደረስኩት። እንዴ! ሠላሳ ዓመት የሸጥኩትን ወተት በጨለማም አውቀዋለሁ። ውሃ ያልነካው፣ የሱሉልታ ድርቆሽ የበላች ላም ወተት ነው። «ይሄ የእኔ ወተት ነው» አልኩ። ወንዲ አንገቱን ደፋ። ኦቦ ደገፋ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አስር ሊትር «ለቡራዩ ደንበኛ» እያሉ ይወስዱ ነበር፤ ደንበኛው ማን ነው ብዬ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ለካስ እህቴ በየሳምንቱ ወተቴን ትጠጣ ነበር። ዞር ብል ኦቦ ደገፋ ራሳቸው ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጠዋል፣ ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ላይ ደፍተው፣ በኤዶም ስኒ ወተት ይዘው። ያ መጋረጃ ጀርባ የነበረው ሹክሹክታ አሁን ገባኝ። እኔ እንድሰማው የታሰበ ነበር። ቀና ብለው፣ «እኔ አልዋሸሁም፤ ድንኳን ተጥሏል ነው ያልኩት» አሉ። በእርግጥም አልዋሹም። ያደረሱትን ድርቆሽ እዚያው ቢያበሏቸው ደስ ባለኝ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ገዢው ቀለል ሲል ድንቅቱ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ሁለታችንም ፊት ለፊት ነው የምናየው። ሽርጧን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። የእኛ ቤት ዝምታ ረጅም ነው፤ ከአባታችን የወረስነው እሱን ብቻ ነው። አንዲት ወጣት መጥታ የበርጩማውን ዋጋ ጠየቀች፣ ድንቅቱ ነገረቻት፤ ልጅቷ ተከራክራ ገዛች። ዓይኔ እያየ ስድስት ሺህ ተኩል ብር ተቆጥሮ ተከፈለ። ሳልፈልግ ደስ አለኝ፣ ደስ ማለቴን ግን ዋጥ አደረግኩት። ከዚያ መናገር ያለብኝን ተናገርኩ።

«በሞት ይቀለዳል፣ ድንቄ?»

«አልቀለድኩም።»

«ሦስት ታክሲ ሙሉ ስቀብርሽ ነው የመጣሁት። ልቤ ቀጥ ብሎ ቢቀርስ?»

ሽርጧን አጠፈችና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። «ድንኳን ካልተጣለ አልረግጥም አልሽ» አለች። «አንቺ ደግሞ ያልሽውን አታጥፊም፣ አውቅሻለሁ። ሞቼ ቢጣል መምጣትሽ አይቀርም ነበር፤ ግን እኔ አላይሽም። ስለዚህ ሳልሞት አስጣልኩት።»

በሃምሳ ዓመት ውስጥ እህቴ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ደግሞም፣ ያን ቀን ስለ ልጁ ያልኩሽ ብላ ጀመረች። አልረሳሁትም አልኳት፣ እውነት ነውና። እኔም አልረሳሁትም አለች። በዚሁ ተውነው፤ ሁሉ ነገር በአንድ ቀን አይታጠብም። እጇን ዘርግታ ከማለዳ ጀምሮ ተዘቅዝቆ የዋለውን ነጠላዬን ከትከሻዬ አነሳችው፣ አራገፈችው፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ አለበሰችኝ።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ልጆቹ ድንኳኑን ሊያነሱ መጡ፤ እድሩ በጊዜ ይመለስልኝ ብሏል። ወንዲ ዕቃ ማሸጉን ትቶ አጠገቤ ቆመና፣ በሚቀጥለው ቅዳሜም ትመጪ ይሆን ብሎ ጠየቀኝ። ድንቅቱ ስኒ እያጠበች ነበር፤ ውሃውን ዘጋችው፣ መልሴን ልትሰማ ነው። እኔ ግን ያን የፋሲካ ቃሌን ነው ያሰብኩት። ተነስቼ፣ ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ፣ በሩ አጠገብ ያለውን ካስማ በሁለት እጄ ያዝኩት። ልጆቹ ተዪው እናት፣ ከባድ ነው እያሉ ሮጡ። እጃቸውን መለስኩና ራሴ ነቀልኩት።